የቧንቧ ውሃ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የቧንቧ ውሃ አላምር ሲለን ብዙዎቻችን ሁለት ነገር ይቀናናል። ወይ እናፈላዋለን፣ ወይ ማጣሪያ እንገዛለን። ሁለቱም የሚሠሩበት ቦታ አላቸው። ነገር ግን ማፍላት ጀርም እንጂ እርሳስ አያስወግድም። ተራ የከሰል ማጣሪያ ደግሞ የክሎሪን ሽታ ያጠፋል እንጂ ጀርም አይገድልም። መንስኤውን ሳያውቁ የተወሰደ መፍትሄ ያዘናጋል፤ እኔን የሚያስፈራኝም መዘናጋቱ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ችግሩ የት ነው?

ሁለት ንጹህ ብርጭቆ ያዙ። አንዱን ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ቧንቧ ቅዱ። ሌላውን ከታንከር ከሚወርደው የቤት ውስጥ ቧንቧ ቅዱ። ጎን ለጎን አስቀምጧቸውና ከጀርባቸው ነጭ ወረቀት ይዛችሁ እዩ።

ከቆጣሪው የመጣው ጠርቶ የቤቱ ከደፈረሰ ችግሩ ታንከራችሁ ወይም የቤቱ መስመር ላይ ነው። ሁለቱም ከደፈረሱ ጎረቤት ጠይቁ። የእነሱም እንዲሁ ከሆነ ዋናው መስመር ላይ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ይህን እቤት ሆናችሁ አትፈቱትም። አንድ ቧንቧ ብቻ ከሆነ ያንኑ ቧንቧ ፈትሹ። ሙቁ ውሃ ብቻ ከሆነ ቦይለሩን ጠርጥሩ።

ይህችን ፍተሻ አትዝለሏት። ቧንቧ ሠራተኛ ጠርቶ ደህናውን መስመር ከማስቀየር ታድናለች።

ውሃው ነጭ ሆኖ ይወርዳል

የቀዳችሁትን ብርጭቆ ሳትነኩት ተመልከቱት። ንጣቱ ከታች ጀምሮ እየጠራ ወደ ላይ ከሄደ አየር ነው። መስመሩ ውስጥ ግፊት ስላለ አየር ውሃው ውስጥ ይሟሟል። ቧንቧው ሲከፈት ግፊቱ ይለቅና በጥቃቅን አረፋ መልክ ይወጣል። አየሩ ጉዳት የለውም።

ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላም ካልጠራ፣ ወይም ብርጭቆው ስር ዝቃጭ ካስቀረ ግን አየር አይደለም።

ውሃው ቀይ፣ ቢጫ ወይም ቡናማ ነው

አብዛኛውን ጊዜ ዝገት ነው። በብረት ቧንቧዎች ውስጥ ዝገትና ደለል ለዓመታት ይጠራቀማል። ውሃው በረጋ ፍጥነት ሲሄድ ደለሉ ተኝቶ ይቆያል። መስመር ሲሰበር፣ ጥገና ሲኖር፣ ወይም ውሃ ጠፍቶ በኃይል ሲመለስ ይነሳል።

ለቆጣሪው ቅርብ የሆነውን የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ ብቻ ክፈቱና እስኪጠራ ይፍሰስ። ሙቁን አትክፈቱ፤ ዝገቱን ወደ ቦይለሩ ታስገቡታላችሁ። ወደ ታንከር የሚገባውንም ለጊዜው ዝጉት። ነጭ ልብስ አትጠቡበት፣ እድፉ አይለቅም። የፈሰሰውን በባልዲ ብትይዙት ለሽንት ቤት ይሆናል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ቀለሙ ብቻውን አይደለም ጉዳዩ። ውሃ ሲጠፋ የመስመሩ ግፊት ይወርዳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ባዶ ይሆናል። የተሰነጠቀ ቧንቧ ግፊት ሲኖረው ውሃ ወደ ውጭ ያፈሳል፤ ግፊት ሲያጣ ደግሞ በዙሪያው ያለውን ወደ ውስጥ ይስባል። በዙሪያው ያለው የፍሳሽ መስመር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በፈረቃ በሚመጣ ውሃ ዋናው ስጋት የመጀመሪያው ውሃ ነው። ያን አፍስሱ። ከዚያ የሚቀዳውንም ለመጠጥ ከሆነ አፍሉት ወይም በረኪና ጨምሩበት፣ ጥርት ቢልም እንኳ።

ቅላቱ ጠዋት ጠዋት ብቻ ታይቶ ወዲያው የሚጠራ ከሆነ የራሳችሁ ያረጀ የብረት ቧንቧ ነው። ዘላቂው መፍትሄ መቀየር ነው።

ጥቁር ቅንጣት ይወርዳል

ቅንጣቱን በጣታችሁ መሃል እሹት። እንደ ላስቲክ ከተለጠጠ፣ ወይም ጣት ላይ ጥቁር ቀለም ከለቀቀ፣ ያረጀ ጎሚኒ ወይም ጎማ ቱቦ እየተበላ ነው። ቀይሩት። እየተፈረፈረ የሚደቅ ዝቃጭ ከሆነና ጎረቤትም ካለ፣ ማንጋኒዝ የሚባለው ማዕድን ሊሆን ይችላል። ማንጋኒዝ በመጠኑ ምግብ ውስጥም አለ፤ ሲበዛ ግን በተለይ ለጨቅላ ሕፃናት ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ይመርመር።

የቧንቧው አፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊትም ፍቷት። ብዙ ሰው መኖሯንም አያውቅም። ስትፈታ የአሸዋ፣ የዝገትና የነጭ ቅርፊት ስብስብ ይወጣል። በብሩሽ እጠቧት። ግፊቱ ቀንሶ ከነበረም ሊስተካከል ይችላል።

ሽታ አለው

የክሎሪን ሽታ ከሆነ አትደንግጡ። ሰዎች ሲያማርሩበት እሰማለሁ፤ እኔ ግን ጨርሶ የማይሸተው ውሃ ይበልጥ ያሳስበኛል። ሽታው ካለ ክሎሪኑ እስከ ቧንቧችሁ ድረስ ውሃውን ከጀርም እየጠበቀ መጥቷል ማለት ነው። በተለመደው አሠራር በሸማቹ ቧንቧ ላይ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊግራም ክሎሪን መቅረት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው የጤና ጣሪያ 5 ሚሊግራም ነው። ሽታው ካስቸገራችሁ በንጹህ ማሰሮ ቀድታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፣ እየቀነሰ ይሄዳል።

የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ከሆነ ውሃ ቀድታችሁ ከመታጠቢያው ራቅ ብላችሁ አሽትቱ። ብርጭቆው ካልሸተተ ሽታው ከፍሳሽ ማስወገጃው ቀዳዳ ነው። ሙቁ ብቻ ከሸተተ ቦይለሩ ይጽዳ። ቀዝቃዛውም ከሸተተ ምንጩ የጉድጓድ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ ለውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ ሪፖርት አድርጉ።

የአፈር ወይም የሻጋታ ሽታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከግድብ ወይም ከሐይቅ ውሃ ነው። አንዳንድ አልጌዎችና ባክቴሪያዎች ጂኦስሚን የሚባል ነገር ያመነጫሉ። አፍንጫችን በእጅግ ጥቂት መጠን ይለየዋል። ሽታው ራሱ አይጎዳም፤ የከሰል ማጣሪያ ይቀንሰዋል።

ነዳጅ ወይም ቀለም የሚሸት ከሆነ ግን አትጠጡ፣ አታፍሉም። ማፍላት ኬሚካሉን እቤት ውስጥ ይበትነዋል። ነዳጅ አፈር ውስጥ ሲፈስ በፕላስቲክ ቧንቧ ግድግዳ አልፎ ሊገባ ይችላል። ወዲያው ለመሥሪያ ቤቱ ደውሉ።

እድፍና ቅርፊት

ማፍያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ካልሲየምና ማግኒዚየም ነው። ለጤና አያሰጋም። ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ያስለቅቀዋል። መታጠቢያው ላይ ሰማያዊ አረንጓዴ እድፍ ካለ ግን ውሃው የመዳብ ቧንቧ እየበላ ነው። ሌሊቱን ቧንቧ ውስጥ ያደረውን አፍስሱና የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መጠን) አስመርምሩ።

ምንም ምልክት የለውም

ከሁሉም በላይ ልብ እንድትሉት የምፈልገው ይህን ነው። እርሳስ ቀለም፣ ሽታና ጣዕም የለውም። ከአሮጌ ቧንቧ፣ ከብየዳና ከአንዳንድ የነሐስ መግጠሚያዎች ይለቃል። የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አይታወቅም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው።

በአሜሪካ የምትገኘው ፍሊንት ያኔ ወደ መቶ ሺህ ገደማ ነዋሪ የነበራት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2014 ውሃዋን ከዲትሮይት ከተማ መስመር ወደ ፍሊንት ወንዝ አዞረች። ቧንቧ እንዳይበላ የሚጨመረው ኬሚካል አልተጨመረም። ነዋሪዎች ስለ ቀለሙና ስለ ሽታው ጮኹ። ያላዩት እርሳስ ግን በዚያው ውሃ ልጆቻቸው ሆድ ይገባ ነበር።

ቤታችሁ አሮጌ ከሆነና ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ካለ በቤተ ሙከራ አስመርምሩ። እስከዚያው ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለሕፃን ወተት ቀዝቃዛውን ብቻ ተጠቀሙ፤ ሙቅ ውሃ እርሳስን ይበልጥ ያሟሟል። ጠዋት መጀመሪያ አፍስሱ። እርሳስን ለማስወገድ ብላችሁ አታፍሉት፤ ውሃው ሲተን እርሳሱ ይቀራል። ናይትሬትና ፍሎራይድ የሚባሉት ኬሚካሎችም እንዲሁ ናቸው። እርሳስ እንደሚያስወግድ የተረጋገጠለት ማጣሪያ ይረዳል፤ እልባቱ ግን ቧንቧውን መቀየር ነው።

በእጅ የሚያዘው የቲዲኤስ መለኪያ አያታላችሁ። የሚለካው የተሟሟ ጨውን ነው። ቁጥሩ ዝቅ ቢል ውሃው ከጀርምም ከእርሳስም ነጻ ነው ማለት አይደለም።

ቤተሰቡን ተቅማጥ ያዘው

ውሃው ጥርት ያለ ቢሆንም ጠርጥሩት፤ በተለይ ጎረቤትም ከታመመ። በደንብ ተንፈቅፍቆ ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ይቆይ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ሦስት ደቂቃ፣ ምክንያቱም ከፍታ ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። እዚያው ዕቃ ውስጥ ተከድኖ ይቀዝቅዝ።

ማፍላት ካልተቻለ ሽቶ የሌለው፣ 5 በመቶ ገደማ የሆነ በረኪና ለአንድ ሊትር ሁለት ጠብታ ጨምሩና 30 ደቂቃ ጠብቁ። የደፈረሰ ከሆነ መጀመሪያ በንጹህ ጨርቅ አጥልሉት፤ ከዚያ ጠብታውን እጥፍ አድርጉ። አንዳንድ ተህዋስያን ክሎሪን ስለሚቋቋሙ ከተቻለ ማፍላት ይሻላል። የታመመው ሕፃን ወይም አረጋዊ ከሆነ፣ ወይም ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ካለ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ታንከሩ

ከቆጣሪው ደህና መጥቶ ታንከር ውስጥ የሚበላሽ ውሃ ብዙ ነው። ክዳኑ ይገጥማል? የትርፍ ውሃ መውጫው ወንፊት አለው? ከሌለው ነፍሳትና አይጥ ይገባሉ።

ለማጽዳት ባዶ አድርጉት፣ ዝቃጩን አውጡ፣ ግድግዳውን ፈትጉ። በውሃ ሙሉትና ለ1,000 ሊትር አንድ ሊትር 5 በመቶ በረኪና ጨምሩ። 24 ሰዓት ይቆይ። ይህ ውሃ አይጠጣም፤ ድፉትና በንጹህ ውሃ አለቅልቁ። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ትልቅ ታንከር ውስጥ ብቻችሁን አትግቡ።

ስትደውሉ ምን ትላላችሁ?

«ውሃው መጥፎ ነው» ማለት አይበቃም። መቼ እንደጀመረ፣ ቀዝቃዛው ወይስ ሙቁ እንደሆነ፣ ከቆጣሪው አጠገብ የተቀዳው እንዴት እንደሚመስል፣ ስንት ጎረቤት ላይ እንዳለ ንገሯቸው። ፎቶ አንሱ። የቀረ ክሎሪን፣ ድፍርስነት፣ ፒኤችና ኢ. ኮላይ (የሰገራ ብክለትን የሚጠቁም ባክቴሪያ) እንዲለካ ጠይቁ። ኢ. ኮላይ በ100 ሚሊሊትር ውሃ ውስጥ አንድም መገኘት የለበትም። ውጤቱን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ለጎረቤቶቻችሁም አሳዩ። የአቤቱታውን ቁጥርና ቀን መዝግቡ፤ ችግሩ ሲደገም ከዚያ ትቀጥላላችሁ።