ስለ ኢብን ኻልዱን ስትጽፉ እነዚህን ተዉልኝ

«አሰቢያ ማለት ጎሰኝነት ነው።» ቀይ እስክሪብቶዬን የሚጨርስብኝ ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። ሐረር ታሪክ ሳስተምር ስንት ዓመቴ፤ ወረቀት ጻፉ ባልኩ ቁጥር አብዛኞቹ በዚሁ ይጀምራሉ። አሰቢያ የታሪክ ሊቁ ኢብን ኻልዱን ሰዎችን አስተሳስሮ እንደ አንድ የሚያቆመውን የአንድነት ስሜት የጠራበት ቃል ነው። ሰውየው መነሻው የሥጋ ዝምድና ነው ማለቱን አልካድኩም። ግን እዚያው ላይ በቃል ኪዳን የተሳሰረውንም፣ ተጠግቶ ገብቶ ከቤተሰብ የተቆጠረውንም ይጨምራል። እንዲያውም የዘር ሐረግ ራሱ የሐሳብ ነገር ነው፣ ጥቅሙ ሰውን ማስተሳሰሩ ነው ይላል። ታዲያ ይህን የጻፈ ሰው የጎሰኝነት ሰባኪ ሆኖ ሲቀርብ አያናድድም?

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ስጀምር ሁለት ዓመት ሙሉ «ጎሰኝነት» እያልኩ አስተምሬያለሁ። ያነቁኝ ጁገል ውስጥ፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ሐረር፣ ለቅሶ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ስለ ትምህርቴ ጠይቀውኝ ስተርክላቸው፣ «ልጄ፣ ይሄማ አፎቻ አይደለም እንዴ?» አሉኝ፤ እንደ እድር ያለውን የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር ማለታቸው ነው። ቀና ብዬ አየሁ። ደብተር ይዞ መዋጮ የሚመዘግበው ሰው ከሟች ጋር በደም አይገናኝም፤ ጠዋት ግን ከወንድም ልጅ ቀድሞ ጀናዛውን የተሸከመው እሱ ነበር። ልዩነቱ፣ የኢብን ኻልዱን አሰቢያ መድረሻው ሥልጣን ነው። አፎቻ ዙፋን አይፈልግም።

ሁለተኛው፣ ለአንድ ሥርወ መንግሥት ዕድሜ ያስቀመጠውን 120 ዓመት ማስመሪያ ማድረግ። ሦስት ትውልድ፣ እያንዳንዱ 40 ዓመት፤ የመጀመሪያው የበረሃ ጥንካሬውን ይዞ ይመጣል፣ ሁለተኛው ይደላደላል፣ ሦስተኛው መዋጋት ይረሳል። ግን «በአብዛኛው» ብሏል፤ አጥቂ ካልመጣበት መንግሥቱ ሊቆይ እንደሚችልም ጽፏል። ከድሬዳዋ እየተመላለሰ የሚማር አንድ ልጅ የሐረርን አሚሮች በዚህ ሊለካ ተነሣ። በፈረንጅ ከ1647 ግብፆች እስከገቡበት 1875 ድረስ 228 ዓመት ነው፤ አልገባ ሲለው መሀል ላይ «የውድቀት ዘመን» ፈጥሮ ለሁለት ቆረጠው። ድካሙን ወደድኩለት፣ ማርክ ግን አላገኘም።

የዘመን አቆጣጠር አትደባልቁ። ቱኒስ የተወለደው በሒጅራ 732፣ በፈረንጅ 1332፣ በእኛ 1324 ነው። የሒጅራውን 732 የእኛ አድርጎ 8 የደመረበት አጋጥሞኛል። እዚህ የነገሠው ዓፄ ዓምደ ጽዮን እንደነበር ያዙ፣ አትስቱም።

«አረብ» እያለ ሲነቅፍ ብዙ ጊዜ ዘላኑን ማለቱ ነው። ሳታጣሩ አትቆጡ።

ደግሞ ዕድሜውን በመጻሕፍት መሀል የፈጀ ሰላማዊ ሊቅ አታድርጉት። ጌታ እየቀያየረ የኖረ ፖለቲከኛ ነው፤ ሞሮኮ ውስጥ ፌዝ ከተማ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ታስሯል። ሙቀዲማ የተባለውን ዋና መጽሐፉን በፈረንጅ 1377 በአምስት ወር የጻፈው ከዚህ ሁሉ ሽሽት አልጄሪያ ውስጥ አንድ ምሽግ ገብቶ ነው። ከዚያም በኋላ አላረፈም። በ1401 የመካከለኛው እስያው ድል አድራጊ ቲሙር ደማስቆን ሲከብብ፣ ዕድሜው ወደ 70 የተጠጋው ዳኛ ሊያነጋግረው ከግንብ ላይ በገመድ ወረደ። የጁገል ግንብ ሥር ቁሙና ወደ ላይ እያያችሁ ገመዱን አስቡት።