ጣናን በእምቦጭ ወረቀት ላይ መሳል

ባሕር ዳር ሥዕል አስተምራለሁ። ጣናን ሳሉ ስላቸው ተማሪዎቼ የሚያመጡልኝ ሁሌ አንድ ነው፤ ሰማያዊ ውሃ፣ አንድ ታንኳ፣ የምትጠልቅ ፀሐይ። ያምራል፣ ግን ፖስት ካርድ ነው። ማንንም አይቆረቁርም። ስለዚህ ወረቀቱን ራሱን ሐይቁን ከወረረው የውሃ አረም፣ ከእምቦጭ፣ እንሠራዋለን። ሰው ሥዕሉን ሲነካ አረሙን ይነካል።

ለመሰብሰብ ብላችሁ ውሃ ውስጥ አትግቡ፤ ቢልሃርዚያ አለ። ከክረምት በኋላ ገበሬው በዘመቻ ነቅሎ ዳር የሚከምረው ይበቃችኋል። በደንቢያና በፎገራ በኩል ክምር አይጠፋም። ጓንት አድርጉ፣ አገዳውን ብቻ ቁረጡ። ሥሩ ከውሃው ከባድ ብረቶችን ስለሚመጥ አይፈለግም። አበባው ዘር ይይዛል፤ ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ሁለቱንም እዚያው ክምሩ ላይ ተዉት። ሐምራዊው አበባ አምሮት ቤቱ ባልዲ ውስጥ የሚያሳድግ ሰው አውቃለሁ። እባካችሁ! እርጥቡን ተክል ወደ ሌላ ወንዝ ወይም ሐይቅ ይዞ መሄድማ ጨርሶ አይታሰብም።

አገዳውን ላስቲክ ላይ አስጡት። ከዘጠና በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ ከአሥር ኪሎ እርጥብ አንድ ኪሎ ደረቅ ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ።

ለመቀቀያ ኮስቲክ ሶዳ፣ ቆዳ የሚያቃጥል ኬሚካል፣ የሚጠቀሙ አሉ። ከልጆች ጋር ስለምሠራ አልወደውም፤ አመድ ይበቃል። የተነፋ የእንጨት አመድ ውሃ ውስጥ አሳድሩና ከላይ የጠለለውን ቅዱ። በጣት ሲነካ እንደ ሳሙና ሙልጭልጭ ካለ ደርሷል። አገዳውን በአውራ ጣት ልክ ቆራርጣችሁ በዚህ ውሃ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀቅሉ። የአገዳው ጭረት (ቃጫው) በሁለት ጣት ሲሳብ ያለ ትግል መበጠስ አለበት። ከዚያ ሙልጭልጩ እስኪጠፋ እጠቡት። እጣቢው ወደ ሐይቁ እንዳይሄድ።

አሁን ሙቀጫና ዘነዘና። ገንፎ እስኪመስል ውቀጡት። እምቦጭ ብቻውን ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰባበራልም፤ የተዘፈዘፈ የድሮ ደብተር ሲሶ ያህል ቀላቅሉበት። ሰፊ ሳፋ ውስጥ በብዙ ውሃ በትኑት። በቀጭን ጣውላ ፍሬም ላይ የመስኮት ወንፊት ወጥሩ፣ ከሥር አስገብታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አንሡት። እጃችሁን ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርጉ፤ ጭረቱ እርስ በርሱ የሚያያዘው ያኔ ነው። አቡጀዲ ላይ ገልብጡት፣ በስፖንጅ ውሃውን ምጠጡ፣ በጣውላና በድንጋይ ተጫኑት፣ ጥላ ላይ አድርቁት። ፀሐይ ያጣምመዋል። የሚወጣው የሻይ ቀለም ያለው፣ ሻካራ፣ ጭረቱ በዓይን የሚታይ ወረቀት ነው።

ትልቅ ሥዕል ከፈለጋችሁ ወረቀቶቹን በዱቄት ሙጫ ጨርቅ ላይ ለጥፏቸው። የጣና ገዳማት ሠዓሊዎችም ጨርቅ ላይ ሥለው መቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ ነበር። ለቀለም ከሰልና ቀይ አፈር ከኮላ ጋር ይበቃል።

ምን ትሥላላችሁ? ከእነዚሁ ሠዓሊዎች አንድ ነገር ተዋሱ፦ ደጉ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ባላገር ሁሉ ይህን ያነብባል። አንድ ተማሪዬ እምቦጩን ባለ አንድ ዓይን ጭራቅ አድርጋ ሣለችው። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ቆመው አዩትና፣ «ልጄ፣ በላተኛውንስ ሣልሽው፤ የሚያበላው የታለ?» አሏት።

ጨዋታው እዚህ ጋ ነው። እምቦጭ ጣና ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ እንግዳ ተክል ነው። የሚያወፍረው ግን የእኛው ነው። መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራና ግልገል አባይ የተባሉት ወንዞች የሚያመጡት አፈርና ማዳበሪያ፣ ከጎንደርና ከባሕር ዳር የሚወርደው ፍሳሽ፣ ደንገሉን መንጥሮ ውሃው ጠርዝ ድረስ የሚታረሰው ባሕር ሸሽ፣ ማለትም ሐይቁ ሲሸሽ የሚገለጠው መሬት። ተማሪዋ ከጭራቁ ጀርባ የፍሳሽ ቱቦና የማዳበሪያ ጆንያ ጨመረች። በጎን የተሣለ ባለ ክራቫት ሰውም አለ፤ ማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ከሥር አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፉ፣ መላሽ ያለው። «ጣናን እንታደግ» ማንም አይመልሰውም። «የዚህ ቱቦ ፍሳሽ ሳይጣራ ሐይቁ የሚገባው እስከ መቼ ነው?» የሚለው ግን መላሽ አለው።

መስቀያው ጋለሪ አይሁን። ማዘጋጃ ቤቱን አስፈቅዳችሁ በገበያ ቀን የጀልባ ወደቡ ወይም መናኸሪያው አጠገብ ስቀሉት፣ አንድ ሰው ደብተር ይዞ አጠገቡ ይቁም። ዓሣ አስጋሪውም ባለ ባጃጁም የሚለው አለው፤ የሚቀጥለው ሥዕል ከዚያ ይወጣል። የሥዕሉን ፊት የቀለጠ ሰም በጨርቅ ቀቡት፤ ካፊያ ይችላል። ዶፍ ግን አይችልም፣ ሰማዩ ሲከብድ አውርዱት።