ሴኡልን በአንድ ቀን መጎብኘት፦ ቤተ መንግሥቱ፣ እስር ቤቱና የቃኘው ስሞች

መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። ሴኡል ነው፣ ሲኦል አይደለም። እናቴ ደውላ "ዛሬ ደግሞ የት ዋልክ?" ስትለኝ "ሴኡልን ስዞር" ብያት "በስመ አብ!" ብላ አማትባለች። ከዚያ ወዲህ "ኮሪያ ነኝ" ብቻ ነው የምላት።

ወደ ጉዳያችን። ለስልጠናም ይሁን ለትምህርት ኮሪያ የሚመጣ አበሻ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው አንድ ነፃ ቀን ነው። ያችን ቀን ደግሞ አብዛኞቻችን የምናበላሻት በተመሳሳይ መንገድ ነው። "ከተማውም ድንበሩም በአንድ ቀን" የሚል ማስታወቂያ እናያለን፣ እንከፍላለን፣ ገና በጠዋቱ አውቶቡስ ውስጥ እንገባለን፣ ከዚያ እስኪመሽ መውረድና መሳፈር ብቻ። እኔ የገባሁበት ቡድን ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የቆየው 25 ደቂቃ ነው። የጂንሰንግ ሱቅ ውስጥ ግን 40 ደቂቃ። ጂንሰንግ ለጤና ይበጃል ተብሎ የሚጠጣ ሥር ነው፤ ዋጋውን ስሰማ ጤነኛ ነኝ ብዬ ወጣሁ።

ስለዚህ ከተማውንና የሰሜን ኮሪያን ድንበር አትደባልቁ። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ከተማው ውስጥ ሦስት ቦታ ይበቃል፤ ጊዮንግቦክጉንግ ቤተ መንግሥት፣ ሶዴሙን እስር ቤት፣ ከዚያ ዮንግሳን ያለው የጦር መታሰቢያ ሙዚየም። ሁለተኛ ቀን ካገኛችሁ ድንበሩን ወይም የቃኘው መታሰቢያ ያለባትን ቹንቾን ከተማን ትመርጣላችሁ። ወደዚያ እመጣለሁ።

ቀኑን ስትመርጡ ተጠንቀቁ። ቤተ መንግሥቱ ማክሰኞ ይዘጋል። እስር ቤቱና የጦር መታሰቢያው ሰኞ ይዘጋሉ። የድንበሩ ጉብኝትም ሰኞ የለም። ሰኞና ማክሰኞን ከነጭራሹ ከእቅዳችሁ አውጧቸውና ከረቡዕ ጀምሩ። በተለይ ሐምሌ ላይ ዝናቡ የኛን ክረምት ያስንቃል፣ ጥርና የካቲት ላይ ደግሞ ብርዱ አጥንት ይገባል። ጥቅምትና ሚያዝያ ምርጥ ናቸው።

አስጎብኚን በተመለከተ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ነፃውን ሞክሩ። የሴኡል ከተማ አስተዳደር በበጎ ፈቃደኛ አስጎብኚዎች የሚመራ የእግር ጉብኝት አለው፣ በእንግሊዝኛም ይሰጣል፣ ክፍያ የለውም። ግን ቀናት ቀደም ብሎ በኢንተርኔት መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ጠዋት ተነስቶ "አለሁ" ማለት አይሠራም። ቤተ መንግሥቱም የራሱ ነፃ የእንግሊዝኛ ገለጻ አለው። ግራ ከገባችሁ 1330 ደውሉ። የቱሪስት መረጃ መስመር ነው፣ 24 ሰዓት ይሠራል፣ በእንግሊዝኛ ያነጋግራችኋል።

ከፍሎ የግል አስጎብኚ መያዝ ከፈለጋችሁ ደግሞ ፈቃዱን እዩ። ሕጋዊ አስጎብኚ መታወቂያውን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ከዚያ ሳትፈሩ ጠይቁ። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ስንት ደቂቃ እንቆያለን? ሱቅ ውስጥ እንገባለን? ቀኑን ሙሉ የምትመራን አንተ ነህ ወይስ ግማሽ ላይ ለሌላ ሰው ታስረክበናለህ? "ሱቅ ውስጥ ትንሽ እናርፋለን" ካላችሁ ያቺ ትንሽ ዕረፍት ናት ኮሚሽኑ ያለባት። ጉርሻ መስጠት እዚህ አገር አልተለመደም፤ እናንተም እንዳትጨነቁ።

ሰዓቱን ከዚህ በኋላ በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ወራቱና ዓመቶቹ ግን ካልገለጽኩ በቀር በፈረንጅ ናቸው። ጠዋት 3 ሰዓት ቤተ መንግሥቱ ሲከፈት በር ላይ ሁኑ። በሜትሮ መስመር 3 ላይ ጊዮንግቦክጉንግ ፌርማታ ውረዱና በመውጫ 5 ውጡ። መግቢያው 3,000 ዎን (የኮሪያ ገንዘብ) ነው። የአገሩን ባህላዊ ልብስ ሀንቦክ ተከራይቶ የለበሰ በነፃ ይገባል፣ ነገር ግን የኪራዩ ዋጋ ከመግቢያው ይበልጣል፤ ለፎቶ ካልሆነ ሒሳቡ አያዋጣም። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ዋናው በር አጠገብ የዘበኞች ቅያሪ ትርዒት አለ። ከበሮው ያምራል።

ቤተ መንግሥቱ መጀመሪያ የተሠራው በ1395 ነው። በ1592 ጃፓን በወረረች ጊዜ ወደመ፣ ከዚያ 270 ዓመት ያህል ፍርስራሽ ሆኖ ቆይቶ በ1867 እንደገና ተሠራ። ከ1910 እስከ 1945 ኮሪያ በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችበት ጊዜ ደግሞ ጃፓኖች ብዙውን ቤት አፍርሰው ከዙፋን አዳራሹ ፊት ለፊት ግዙፍ የአስተዳደር ሕንፃ ገተሩበት። ኮሪያውያን ያንን ሕንፃ ማፍረስ የጀመሩት ነፃ ከወጡ 50 ዓመት በኋላ፣ በ1995 ነው። አስጎብኚያችሁን "ያ ሕንፃ የቆመው የት ጋ ነበር?" በሉት። ቦታው ላይ ያቆማችሁና ወደ ፊትም ወደ ኋላም ስታዩ የተሸፈነው ነገር ምን እንደነበረ ወዲያው ይገባችኋል። ወረቀት ላይ ቢያነቡት እንዲህ አይሰማም።

ሌላም ልመናችሁ ይኑር። ብዙ ቡድኖች የዙፋን አዳራሹንና በውኃ የተከበበውን አዳራሽ አይተው ይመለሳሉ። እናንተ እስከ ጓሮው መጨረሻ፣ ጎንቾንግጉንግ እስከሚባለው ግቢ ድረስ ሂዱ። ንግሥት ሚዮንግሶንግን በጥቅምት 1895 ጃፓኖች ገብተው የገደሏት እዚያ ነው። የአድዋ ድል አምስት ወር ገደማ ሲቀረው ማለት ነው። አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የሁለት አገር ዕጣ በሁለት አቅጣጫ ሄደ። ይህን ለአስጎብኚዬ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና አድዋ እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀችኝ።

ከዚያ ወደ ሶዴሙን እስር ቤት። በዚያው መስመር 3 ቀጣዩ ፌርማታ ነው፣ ዶንግኒምሙን ይባላል። መግቢያው ይኸውም 3,000 ዎን ነው። እስር ቤቱ በ1908 ተከፍቶ በ1987 ነው የተዘጋው። ዩ ግዋንሱን የምትባለዋ የ17 ዓመት ልጅ በመጋቢት 1919ኙ የነፃነት ሰልፍ ምክንያት ታስራ በ1920 የሞተችው እዚሁ ነው። የመሬት ውስጥ ክፍሎቹ፣ ጠባቦቹ ሳጥኖች፣ ጓሮ ያለው የመስቀያ ቤት፣ ሁሉም ይከብዳሉ። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ምድር ቤቱን ዝለሉት። መስቀያ ቤቱ ጋ ፎቶ ማንሳት አይገባም፤ ቢፈቀድ እንኳ አታንሱ።

እዚህ አንድ ጥያቄ አለች ጥሩውን አስጎብኚ ከመሐይሙ የምትለይ። ቀኖቹን እዩዋቸው። ጃፓን የወጣችው በ1945 ነው፣ እስር ቤቱ ግን እስከ 1987 ሠርቷል። በመሐል ባሉት 42 ዓመታት ማን ነበር የታሰረው? ጥሩ አስጎብኚ "የራሳችን መንግሥታት የራሳችንን ተማሪዎችና ተቃዋሚዎች" ብሎ ያስረዳችኋል። ሌላው የጃፓንን ጭካኔ ብቻ ደጋግሞ ወደ መውጫው ይነዳችኋል።

ምሳ ብሉ። የጾም ቀን ከሆነ ቢቢምባፕ (ሩዝ ከአትክልት ጋር) ያለ ሥጋና ያለ እንቁላል ማዘዝ ይቻላል፣ ኪምቺ (የተብላላ ጎመን) ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የዓሣ ነገር አለበት። እግራችሁንም አሳርፉ፣ ዋናው ገና ነው።

ለጦር መታሰቢያው መስመር 3ን ይዛችሁ ቹንግሙሮ ላይ ወደ መስመር 4 ትቀይራላችሁ፣ ሳምጋክጂ ትወርዳላችሁ። ጎግል ማፕን እዚህ አገር አትመኑት፣ የእግር መንገድ ላይ ያሳስታችኋል። ኔቨር ማፕን ወይም ካካኦ ማፕን አውርዱ። ሙዚየሙ በ1994 የተከፈተ ነው፣ መግቢያው ነፃ ነው፣ ምሽት 12 ሰዓት ይዘጋል። ቢያንስ ሦስት ሰዓት ስጡት።

ግቢው ውስጥ ታንኩና ቢ-52 የሚባለው ግዙፍ ቦምብ ጣይ ያዘናጋችኋል። አንዴ ዞራችሁ ግቡ። የወንድማማቾቹን ሐውልት ግን አትለፉት፤ የደቡቡ መኮንን ታላቅ ወንድም፣ የሰሜኑ ወታደር ታናሽ ወንድም፣ ጦር ሜዳ ላይ ተገናኝተው ሲተቃቀፉ ነው። የቆሙበት ጉልላት ለሁለት ተሰንጥቋል። ውስጥ ስትገቡ አስጎብኚውን ከ1950 ጀምሮ እንዲሄድላችሁ ንገሩት፣ አለዚያ ከድንጋይ ዘመን ይጀምርና ሰዓቱ ያልቃል። የሰሜንና የደቡብ ኮሪያ ጦርነት ሰኔ 25 ቀን 1950 ተጀመረ። ሴኡል በሦስት ቀን በሰሜኖቹ እጅ ወደቀች። መስከረም ላይ ተመለሰች፣ ጥር 1951 እንደገና ተያዘች፣ መጋቢት ላይ እንደገና ተመለሰች። አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ አራት ጊዜ እጅ ተቀያየረች። ጠዋት ያያችሁት ከተማ ለምን ብዙ አሮጌ ቤት እንደሌለው አሁን ይገባችኋል።

አሁን የኛ ነገር። በሕንፃው ክንፎች ኮሪደር ላይ በጦርነቱ የሞቱ ወታደሮች ስም በጥቁር ሰሌዳ ላይ በአገር በአገር ተጽፏል። ኢትዮጵያ የሚለውን ፈልጉ። ከ120 በላይ ስም ነው። ስሞቹ በላቲን ፊደል ስለተጻፉ አንዳንዱ እንግዳ ይመስላል፤ ድምፃችሁን አውጥታችሁ ስታነቡት ግን የጎረቤታችሁ ስም ሆኖ ይወጣል። እኔ እንዲያ ሳነብ አጠገቤ የቆሙ ሽማግሌ ኮሪያዊ ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ ወገባቸውን አጠፉልኝ። ምን እንደሚመለስ ግራ ገብቶኝ እኔም አጎነበስኩ።

ከመሄዳችሁ በፊት ትንሽ አንብባችሁ ሂዱ፣ አስጎብኚዎቹ ስለ ቃኘው ብዙ ላያውቁ ይችላሉ። ለደቡብ ኮሪያ ሊዋጋ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ ቃኘው ሻለቃ፣ ከክብር ዘበኛ የተውጣጣ ነው፣ ስሙም የራስ መኮንን የጦር ፈረስ ስም ነው። በ1943 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር ከጅቡቲ በመርከብ ተነስቶ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ቡሳን ወደብ ደረሰ፣ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድቦ ተዋጋ። አንድም ሰው አልተማረከበትም። ቡሳን ያለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ሄዳችሁ የኢትዮጵያውያንን መቃብር ብትፈልጉ አታገኙም፣ አስከሬኖቹ ወደ አገር ቤት ተመልሰዋል።

ሁለተኛ ቀን ካላችሁ። ድንበሩን ከመረጣችሁ በራሳችሁ መሄድ አይቻልም፣ ቡድን ውስጥ መግባት ግድ ነው። ግማሽ ቀን የሚወስደው ይበቃል። ዋናውን ፓስፖርት ያዙ፣ ኮፒ አይሠራም፤ ኬላ ላይ ወታደር ገብቶ ያያል። ሰሜኖቹ በድንበሩ ሥር ቆፍረውት በ1978 የተገኘው ሦስተኛው ዋሻ ከመሬት በታች 73 ሜትር ነው፣ መውረዱ ቀላል፣ መውጣቱ እንጦጦን ነው የሚያስታውሰው። ልብ ወይም ጉልበት የሚያምው ሰው አይውረድ። ሄልሜቱን አጥብቁ፣ ረጃጅሞች ጭንቅላታችሁ ስንቴ እንደሚነካ ታያላችሁ። ካሜራ አይገባም። ሰሜኖቹ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ነው ለማለት ግድግዳውን ከሰል ቀብተውታል፣ ድንጋዩ ግን ግራናይት ነው፤ ጣታችሁን ብታሳርፉበት ይጠቁራል። የሰሜንና የደቡብ ወታደሮች ፊት ለፊት የሚተያዩበት ፓንሙንጆም ድረስ እንወስዳለን የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ከመክፈላችሁ በፊት 1330 ደውላችሁ አረጋግጡ፣ ከ2023 ጀምሮ ብዙ ጊዜ ዝግ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ ግን ሁለተኛውን ቀን ለቹንቾን እሰጠዋለሁ። ከዮንግሳን ጣቢያ አይቲኤክስ የሚባለውን ባቡር ይዛችሁ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ነው። ቲኬቱን ቀደም ብላችሁ ቁረጡ፣ ቅዳሜና እሁድ ይሞላል። ከጣቢያው ታክሲ ያዙና "ኢዲዮፒያ" በሉ፤ መንገዱ ራሱ የኢትዮጵያ መንገድ ነው የሚባለው። ቃኘው የተዋጋው በአብዛኛው በዚሁ ክፍለ ሀገር ተራሮች ስለሆነ መታሰቢያውን እዚህ ነው ያቆሙት። ሐውልቱን በግንቦት 1968 የመረቁት ራሳቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በ2007 የተከፈተው የዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ ጣሪያው እንደ ጎጆ ቤት ሾጠጥ ያለ ነው። አስጎብኚ ባትይዙም ችግር የለውም፣ እዚህ የምታብራሩት እናንተ ናችሁ።

ከፊት ለፊቱ ውኃው ዳር ከ1968 ጀምሮ ያለ "የኢትዮጵያ ቤት" የሚባል ቡና ቤት አለ። ቡናው እንደ እናቴ ነው ብዬ አልዋሽም፣ ሦስተኛም የለውም። መስኮቱ ጋ ያለውን ወንበር ያዙና የመመለሻ ባቡራችሁን ሰዓት እያያችሁ ጠጡ፣ የመጨረሻው ካመለጣችሁ ማደሪያ መፈለግ ነው።