የድሮ ሬዲዮ ዕቃ ሲጠፋ፦ ከየት ይገኛል፣ በምንስ ይተካል?

የአጎቴ ሬዲዮ ቡፌ ላይ ሃያ ዓመት ያህል ዝም ብሎ ተቀምጧል። ጀርመን አገር ተምሮ ሲመለስ ይዞት የመጣ፣ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የተሠራ ትልቅ የእንጨት ሬዲዮ ነው። ሲበራ አረንጓዴ ዓይኑን የሚያፈጥ ዓይነት። አጎቴ ካረፈ በኋላ ባለቤቱ እቴቴ ዳንቴል አለበሰችውና የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ ቀረ። ባለፈው ፋሲካ ታዲያ "አንተ ልጅ፣ ሽቦ ስትነካካ ነው የምትውለው፣ ይሄን አታስነሳልኝም?" አለችኝ። እሺ አልኩ። አፌን ምን አስከፈተኝ!

የሬዲዮ ጥገናን ከሀ እስከ ፐ አልጽፍም፤ የምጽፈው ስለ መለዋወጫው ነው። ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚያ ላይ ነው። ሱቅ ገብቶ "የዚህ ሬዲዮ ዕቃ አለ?" ይላል፣ ልጁ ሬዲዮውን አይቶ ይስቃል፣ ሰውየው ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። መጠየቅ ያለብን ግን የጠፋው ዕቃ ምን ሥራ ይሠራ ነበር የሚለውን ነው። ያንን ካወቃችሁ ግማሹ ዕቃ ሰፈራችሁ ውስጥ አለ።

ሳትሰኩ ጀምሩ

ሁሉም ሰው ሬዲዮውን እንዳገኘ መጀመሪያ የሚያደርገው ሶኬት ላይ መሰካት ነው። አታድርጉት። ውስጡ ያሉት ትልልቆቹ ካፓሲተሮች (ኮረንቲ አጠራቅመው የሚይዙት ዕቃዎች) ለዓመታት ሳይሠሩ ተቀምጠው ተበላሽተዋል፤ ድንገት ኮረንቲ ሲያገኙ ሾርት ያደርጉና ትራንስፎርመሩን ያቃጥሉታል። ትራንስፎርመር ደግሞ በቀላሉ ከማይገኙት አንዱ ነው። ከተቃጠለ ያለው አማራጭ ሞተር ጥቅለላ ቤት ወስዶ እንደገና ማስጠቅለል ነው፤ ይሠራሉ፣ ግን የድሮውን ጥቅልል ዙር እየቆጠሩ እንዲፈቱ አጠገባቸው ቆሞ መለመን አለ።

ጀርባውን ፍቱና በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን፣ አሥር ሃያ ፎቶ። በኋላ የትኛው ሽቦ የት እንደነበር የሚነግራችሁ ሌላ ምስክር የለም። ቀጥሎ የቫልቮቹን፣ የእነዚያን ሲበሩ የሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች፣ ቁጥር መዝግቡ። ጽሑፉ ከጠፋ መስታወቱ ላይ እፍ በሉበት፤ ትንፋሹ ሲያርፍበት ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ብቅ ይላል። የእኔው ላይ ኢሲሲ85፣ ኢሲኤች81፣ ኢኤፍ89፣ ኢኤቢሲ80፣ ኢኤል84፣ ኢዜድ80 እና ዓይኑ፣ ኢኤም80 ነበሩ።

ቁጥሩ በዩ (U) የሚጀምር ከሆነ፣ ዩሲኤች81 ወይም ዩኤል84 ዓይነት፣ ብዙ ጊዜ ትራንስፎርመር የለውም፤ የብረት ገላው በቀጥታ ከኮረንቲው ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ልምድ ከሌላችሁ ተዉት፣ ይገድላል። ትራንስፎርመር ያለውም ቢሆን 300 ቮልት ገደማ ያዞራል፤ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ከመንካታችሁ በፊት በቴስተር (በኮረንቲ መለኪያው) ለኩ፣ ካለ በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር (ኮረንቲ የሚገድብ ዕቃ) አፍስሱት፣ ከዚያ ደግማችሁ ለኩ።

አሁን በቴስተር ዙሩ። ስፒከሩ ጥቂት ኦም ማሳየት አለበት። የድምፅ ማውጫው ትራንስፎርመር በቫልቩ በኩል ጥቂት መቶ ኦም። የኮረንቲው ትራንስፎርመር በሶኬቱ በኩል አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ኦም። የእኔው የድምፅ ማውጫ ምንም አላሳየም። ተበጥሷል። እሱን ቆይተን እንመለስበታለን።

ካፓሲተር፦ ከተጣለ ዕቃ ውስጥ

ሰም ወይም ጥቁር ሬንጅ የተቀባውን የወረቀት ካፓሲተር በሙሉ፣ ሳትለኩ፣ ቀይሩ። በተለይ አንዱን፦ ከኢኤቢሲ80 ወደ ኢኤል84 ድምፁን የሚያሻግረውን። እሱ ትንሽ ካፈሰሰ ኢኤል84 ከአቅሙ በላይ ኮረንቲ ይስባል፣ ይግላል፣ ራሱም ያልቃል የድምፅ ትራንስፎርመሩንም ይዞ ይሄዳል። የአጎቴ ሬዲዮ የሞተው በዚህ ነው።

የቁጥሩ ነገር አያስጨንቃችሁ። በድሮው 5000 ፒኮፋራድ ፈንታ ዛሬ 4.7 ናኖ፣ በ20 ሺህ ፈንታ 22 ናኖ፣ በ50 ሺህ ፈንታ 47 ናኖ ይገባል። ቮልቱ ግን ከድሮው አይነስ፤ 630 ቮልት ካገኛችሁ ግቡበት። እነዚህን አዲስ መግዛት ይሻላል፣ ርካሽ ናቸው። ካላገኛችሁ የተቃጠሉ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎችን፣ እነዚያን ጠመዝማዛዎቹን፣ ሰብስቡ። የፕላስቲክ እግሩን በቀስታ ክፈቱት (ብርጭቆው ውስጥ ሜርኩሪ አለ፣ እንዳይሰበር)። ውስጡ ትንሿ ሰሌዳ ላይ ጥሩ የፊልም ካፓሲተሮችና አንድ 400 ቮልት ኤሌክትሮሊቲክ (የትልልቆቹ ካፓሲተሮች ዓይነት) ታገኛላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ከ4.7 እስከ 10 ማይክሮፋራድ።

ሬዲዮው 50 የሚል ትልቅ ካፓሲተር ቢፈልግስ? አምስት 10 ማይክሮፋራድ ጎን ለጎን ማያያዝ ነው፣ ተደምረው 50 ይሆናሉ። የድሮ ባለ ሆድ ቴሌቪዥን ውስጥ 220 ማይክሮፋራድ፣ 400 ቮልት አለ፤ ስታዩት ያጓጓል። አታስገቡት። ኢዜድ80 የመጀመሪያው ካፓሲተር ከ50 እንዲበልጥ አይፈልግም፣ ከበለጠ ሲበራ በሚስበው ኮረንቲ ቫልቩ ይጎዳል። ከኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የሚወጡት ትልልቆችም ብዙዎቹ 200 ቮልት ብቻ ናቸው። የቆዩ ኤሌክትሮሊቲኮችን ደግሞ ከመግጠማችሁ በፊት ለኩ፤ ያበጠ ካለ ጣሉት።

መልኩ ያሳሰባችሁ ካላችሁ የድሮውን ቆርቆሮ ባዶ አድርጋችሁ አዲሱን ውስጡ መደበቅ ይቻላል። እኔ ከታች ስለሚሆን አልደከምኩበትም። እቴቴ ገልብጣ አታየውም።

ሬዚስተር ላይ ብዙ አልቆይም። በቴስተር ለኩ፣ ከተጻፈበት በ20 በመቶ የራቀውን ቀይሩ። ልኩ ከጠፋ ሁለት ቀጥሉ፤ 100 ኪሎ እና 120 ኪሎ ተከታትለው 220 ናቸው።

ቫልቭ

እዚህ ብልሃት ብዙም አይሠራም፣ ራሱን ማግኘት ነው። ደግነቱ ያው ቫልቭ ብዙ ስም አለው። ኢኤል84 በአሜሪካ አጠራር 6ቢኪው5 ነው፤ ኢሲኤች81 6ኤጄ8፤ ኢኤቢሲ80 6ኤኬ8፤ ኢዜድ80 ደግሞ 6ቪ4። ኢኤል84 የጊታር አምፕሊፋየር ስለሚጠቀምበት ዛሬም አዲስ ይመረታል። ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁ ከጫማና ከሽቶ ይልቅ ይሄን አስልኩ፤ አውራ ጣት የሚያህል ነገር ነው፣ በካልሲ ተጠቅልሎ ይመጣል። የእኔን ጀርመን ያለች የአክስቴ ልጅ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አግኝታልኝ በሰው ላከችው።

አንዱ ብቻ በብልሃት ይተካል፦ ኢዜድ80። ሥራው ተለዋዋጩን ኮረንቲ ወደ አንድ አቅጣጫ መምራት ስለሆነ ሁለት 1ኤን4007 ዳዮድ ይበቃዋል። ግን ዳዮድ እንደ ቫልቩ ሞቆ ቀስ ብሎ አይነሳም፣ ወዲያው ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ ከኋላው አንድ ከ100 እስከ 220 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር አስገቡ። 250 ቮልት የሚሰጥ ትራንስፎርመር በዚያች ቅጽበት 350 ድረስ ይወጣል፣ ካፓሲተሮቹ 400 ቮልት መሆን ያለባቸው ለዚህ ነው።

አረንጓዴው ዓይን ከደከመ ተዉት። ያለ እሱ ሬዲዮው ይዘፍናል።

የድምፅ ትራንስፎርመር ከምናለሽ ተራ

ወደ ተበጠሰው እንመለስ። ይሄ ትራንስፎርመር ሥራው ምንድን ነው? ቫልቩ 5 ሺህ ኦም ገደማ ጭነት ይፈልጋል፣ ስፒከሩ ግን 4 ወይም 5 ኦም ነው። መሃል ገብቶ ሁለቱን ያስታርቃል። 220 ቮልትን ወደ 6 ቮልት የሚያወርድ ተራ ትራንስፎርመር የዙሩ ንጽጽር 37 ለ 1 አካባቢ ነው። 37 በ37 ሲባዛ 1369፣ በ4 ኦም ስፒከር ሲባዛ 5 ሺህ 400 ገደማ። ፈልገን ያጣነው ዕቃ ይኸው!

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። የተፈታ ነገር ሁሉ ክምር ነው። ከባዱን፣ የድሮውን ዓይነት አዳፕተር እፈልጋለሁ ስል ባለቤቱ በጣም ተገረመ። ዛሬ ያለው ቀላሉ አዳፕተር ውስጡ ሌላ ነገር ስለሆነ አይሠራም። ሦስቱን በእጄ እየመዘንኩ ስቆም "ወንድሜ፣ ለምን ፈልገኸው ነው?" አለኝ። ለሬዲዮ ስለው ቁጭ ብሎ አሰበና "ሬዲዮ እኮ አዲሱ ከዚህ ይቀላል" አለኝ። እውነቱን ነው።

ከባዱን ምረጡ፣ 10 ዋትና ከዚያ በላይ። ምክንያቱም በቫልቩ በኩል የሚያልፈው አንድ አቅጣጫ ያለው ኮረንቲ ትንሹን ብረት ያጠግበውና ድምፁን ያንቀዋል። 220 የሚለው ወገን በቫልቩ በኩል፣ 6 የሚለው ወገን በስፒከሩ በኩል ይገባል። ውስጡ ዳዮድ ካለ አውጡት። ወፍራሙ ድምፅ ከድሮው ይሳሳል፣ ያንን አልደብቃችሁም። ለዜናና ለወግ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ስፒከሩ ወረቀቱ ብቻ ከተቀደደ ሶፍት በውሃ በቀጠነ ኮላ ነክራችሁ ከኋላ ለጥፉ። ጥቅልሉ ከተበጠሰ 4 ኦም የመኪና ስፒከር ይተካዋል።

ክር፣ ቁልፍ፣ ጨርቅ

የጣቢያ መርፌውን የሚጎትተው ክር አብዛኛውን ጊዜ ተበጥሶ ይገኛል። የዓሣ ማጥመጃ ክር ፈልጉ፣ ነገር ግን የተገመደውን፤ አንድ ወጥ የሆነው ናይለን ይንሸራተታል፣ ይለጠጣልም። የሚወጥረው ስፕሪንግ ከጠፋ የእስክሪብቶ ስፕሪንግ ይሆናል። ክሩ በየትኛው መዘውር ስንት ጊዜ እንደሚዞር ሳታዩ አሮጌውን ከነቀላችሁ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ትከፍላላችሁ።

የጠፋ ቁልፍ ካለ ከቀሩት አንዱን ቅዱ። የመስኮት ማሸጊያ ሲሊኮን ከበቆሎ ስታርች ጋር አቡኩት፣ ቁልፉን ዘይት ቀብታችሁ ተጫኑት፤ ሲደርቅ ቅርጹ ይቀራል። ውስጡ ኢፖክሲ አፍስሱ። እኔ ቀለሙን ለማምጣት ነጭ ቀለምና ቅንጣት ቡና ጨመርኩ፤ ከሩቅ ልዩነቱ አይታይም፣ ከቅርብ ግን ትንሽ ማኪያቶ ይመስላል። የድምፅ መጨመሪያው ላይ ያለው ማብሪያ ከሞተ ደግሞ ለማግኘት አትንከራተቱ፤ የራስጌ መብራት ገመድ ላይ ያለችውን ማብሪያ ገመዱ ላይ ግጠሙ።

የጣቢያ መብራቱ ባለ 6 ቮልት ስለሆነ የብስክሌት ዳይናሞ አምፖል ይስማማዋል። ለስፒከሩ ጨርቅ ስትመርጡ ባለሱቁ ፊት አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ እፍ በሉ፣ ትንፋሻችሁ ሳይቸገር ካለፈ ድምፁም ያልፋል። በጣም ነጭ ከሆነ የሻይ ቅጠል ውሃ ውስጥ አሳድሩት።

መስታወቱን ግን እባካችሁ! የከተሞቹ ስም በጀርባው የተጻፈ ቀለም ነው፣ ውሃ ሲነካው ሊለቅ ይችላል። እኔ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አደረግኩና ቤሮሙንስተር ጨርቁ ላይ ቀረ። ሂልቨርሰምም ግማሹ የለም። ከፊት ብቻ አጽዱ።

የመጀመሪያው ማብራት

ከኋላ ያለው የቮልት መምረጫ 220 ላይ መሆኑን እዩ። ከዚያ ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል፣ ኤልኢዲ ያልሆነ፣ ከሬዲዮው ጋር በተከታታይ አያይዙ። ኮረንቲው በአምፖሉ አልፎ ነው ሬዲዮው የሚደርሰው። አምፖሉ ቦግ ብሎ ወዲያው ከደበዘዘ ደህና ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ ሾርት አለ፣ ንቀሉ። እኔ ከአንድ ትራንስፎርመር በቀር ምንም አልተቃጠለብኝም፤ እሱም ይህን አምፖል ሳላውቅ በሌላ ሬዲዮ ላይ ነው።

የእኔው ደበዘዘ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ዝም። ከዚያ ቀስ እያለ ማሽካካት፣ ከዚያ አረንጓዴው ዓይን፣ ከዚያ መርፌውን ወደ መጨረሻው ሳስጠጋው ኤፍኤም አዲስ 97.1 ወፍራም የእንጨት ድምፅ ይዞ መጣ። እቴቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። ቀጥላ "ሸገርንስ?" አለች።

የዚያ ዘመን የጀርመን ሬዲዮ ኤፍኤሙ 100 ላይ ያበቃል። ሸገር 102.1 ነው።

"እቴቴ፣ እሱ ከመስታወቱ ውጭ ነው" አልኳት።

"ታዲያ መስታወቱን አስረዝመዋ!"