የእንስላል አረቄና ኡዞ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ጎንደር ላይ አኒስ፣ ማለትም እንስላልን በሽታው የሚመስል ቅመም፣ የሚሸት መጠጥ በሁለት መልክ ይገኛል። አንዱ በየመጠጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ የሚታየው የፋብሪካ ኡዞ ነው። ሌላው ከአረቄ አውጪ ተገዝቶ ቤት ውስጥ የእንስላል ፍሬ የሚዘፈዘፍበት ዳግም (ሁለት ጊዜ የወጣ) አረቄ ነው። አመጣጣቸው ቢለያይም ሽታቸው በዋናነት የሚመጣው አኔቶል ከሚባል ዘይት ነው፤ ዘይቱ በአኒስም በእንስላልም ፍሬ ውስጥ አለ። አኔቶል በአልኮል ይሟሟል፣ በውሃ ግን አይሟሟም። ሲቀዘቅዝ እንደ ቅቤ ይረጋል፣ ብርሃን ሲያገኘው ይበላሻል። ከታች ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹ የዚህን ዘይት ጠባይ ካለማወቅ የሚመጡ ናቸው።

በረዶን ማስቀደም

በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው። ብርጭቆው በበረዶ ይሞላና ኡዞው ከላይ ይፈስበታል። አኔቶል ለብቻው ሲሆን 20 ወይም 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይረጋል፤ ጠርሙሱ ውስጥ የማይታየው አልኮሉ ስላሟሟው ነው። በረዶ ድንገት ሲነካው ግን ከአልኮሉ ተለይቶ ነጫጭ ብናኝ ይሆናል፣ ላዩ ላይም ስስ ቅባት ይሠራል። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ጉንጭ ዘይት ዘይት ሲል የመጨረሻው ባዶ አልኮል ይሆናል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ መጠጡን፣ ቀጥሎ ቀዝቃዛ ውሃ በቀስታ፣ በመጨረሻ ካስፈለገ በረዶ ነው። ሊባኖሶች አራክ የሚሉትን የራሳቸውን የአኒስ መጠጥ ሲጠጡ ይህንኑ ይከተላሉ፤ አንድ እጅ አራክ በሁለት እጅ ውሃ ያቀጥናሉ፣ ሲደግሙም ብርጭቆ ይቀይራሉ። ለብርጭቆ ቅየራው ምክንያት አለው፦ በአሮጌው ብርጭቆ ግድግዳ ላይ የቀረው ቅባት አዲሱን ያበላሸዋል።

ጠርሙሱን ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥም ከዚሁ ስህተት ይቆጠራል። እንደ ዳባትና ደባርቅ ባሉ ቀዝቃዛ ቦታዎች በታኅሣሥ ሌሊት ፍሪዘር እንኳ ሳይኖር ጠርሙስ ውስጥ ደመና ሊታይ ይችላል። አልተበላሸም። ክዳኑን ጠበቅ አድርጎ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ማቆምና ማወዛወዝ ይበቃዋል።

በመለኪያ መጨለጥ

ተራ አረቄን በመለኪያ መጨለጥ የለመደ ሰው ኡዞንም እንደዚያው ይገለብጠዋል። ለሆድ ብቻ ሳይሆን ለጣዕሙም ኪሳራ ነው። 40 በመቶ አልኮል ባለው መጠጥ ውስጥ ዘይቱ ታስሮ ስለሚቀመጥ ምላስ የሚያገኘው ማቃጠሉን ነው። አኒሱ ደምቆ የሚወጣው ውሃ ሲገባበት ነው። 50 ሚሊ ሊትር ኡዞ ላይ 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ቢጨመር ጥንካሬው ወደ 20 በመቶ ይወርዳል፤ 100 ቢጨመር ወደ 13 ገደማ። ለእኛ ምላስ ሁለተኛው ይሻላል።

ሒሳቡንም ማወቅ ደግ ነው። 50 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ ኡዞ 20 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ባለ 5 በመቶ የቢራ ጠርሙስ ያለው ወደ 16.5 ነው። ስለዚህ ሦስት መለኪያ የጨለጠ ሰው ከሦስት ቢራ በላይ ጠጥቷል ማለት ነው፤ ያውም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ። ቆሎ ብቻ ይዞ መቀመጥም አይበቃም፤ አስቀድሞ እህል መቅመስ ያስፈልጋል፣ በጾም ቀን ደግሞ ይበልጡን።

በስፕራይት መበረዝ

ስኳሩ አኒሱን ይሸፍነዋል፣ ጥንካሬውንም ይደብቃል፤ ጋዙ ደግሞ አልኮሉ ቶሎ ወደ ደም እንዲገባ ሊያግዝ ይችላል። ጋዝ ያማረው ሰው በአምቦ ውሃ ቢያቀጥን ይሻላል፣ ማዕድኑ ጣዕሙን ትንሽ ቢጫነውም።

ንጣቱን የጥራት ማረጋገጫ ማድረግ

ውሃ ሲነካው ነጣ፣ እንግዲህ እውነተኛ ነው ይባላል። ንጣቱ የሚናገረው በቂ ዘይት መኖሩን ብቻ ነው። አልኮሉ ሲቀጥን አኔቶሉ በጣም ደቃቃ ጠብታ ሆኖ ይበተናል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ነጭ ሆኖ ይታያል። ቤት ውስጥ የተዘፈዘፈ የእንስላል አረቄ ዘይቱ አነስተኛ ከሆነ ላይነጣ ይችላል፤ ሐሰተኛ ነው ማለት ግን አይደለም። በተቃራኒው ከመጥፎ አልኮል ላይ የአኒስ ዘይት ጠብ የተደረገበትም በደንብ ይነጣል።

በእሳት መሞከሩም እንደዚሁ ነው። ሰማያዊ ነበልባል ካለው ንጹሕ ነው የሚለው አባባል ሰው ሊገድል ይችላል፤ ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮል የተቀላቀለበት አረቄም በተመሳሳይ መልክ ይነዳልና። ትልቁ አደጋ ለፋብሪካ ሥራ የሚውል አልኮል የተጨመረበት አረቄ ነው፤ በዓይንም በሽታም አይለይም። ያለው መከላከያ የሚታወቅ አረቄ አውጪ ጋ ሄዶ «እትዬ፣ ዳግም ነው ወይስ ተራ? መቼ የወጣ ነው?» ብሎ ጠይቆ መግዛት ነው። ከጠጡ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግሥቱ፣ ዓይን ከደበዘዘ፣ ራስ ምታትና ማስመለስ ከመጣ «ሐንግኦቨር ነው» ብሎ መተኛት አይገባም። ወዲያው ሆስፒታል መሄድ ነው።

እንስላሉን ማዱቀቅና ብዙ ማቆየት

ቤት ውስጥ ለሚያዘጋጅ ሰው ልኩ ይህ ነው፦ ለ1 ሊትር ዳግም አረቄ 2 የሾርባ ማንኪያ የደረቀ የእንስላል ፍሬ። ፍሬው በሙቀጫ ፍንክት እስኪል ብቻ ይመታል። ከደቀቀ መራራው ይወጣል፣ ደቃቁም በጨርቅ አይጣራም። ከ24 እስከ 36 ሰዓት ይበቃዋል፤ ከ12 ሰዓት በኋላ እየቀመሱ መከታተል ነው። ሳምንት የቆየ ከአኒስነቱ ይልቅ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ሲደርስ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጠለላል።

ተራ አረቄ ለዚህ ሥራ አይመከርም፤ አልኮሉ ሲያንስ ዘይቱን በደንብ አያወጣውም። እርጥብ ቅጠል የሚጨምሩ አሉ፤ መጀመሪያ ያማረ አረንጓዴ ይሰጣል፣ ቆይቶ ግን ይጠቁራል፣ የሣር ጣዕምም ያመጣል።

ቶሎ እንዲወጣ ብሎ አረቄውን እሳት ላይ መጣድ ፈጽሞ አይሞከርም። አልኮል በባሕር ወለል ከፍታ 78 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ከ2,100 ሜትር በላይ ባለችው ጎንደር ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብሎ። እንፋሎቱ ነበልባል ካገኘ ቤት ያቃጥላል።

ገበያ ላይ ደግሞ ነጭ አዝሙድን ወይም ከሙንን በእንስላል ፈንታ ገዝቶ የሚመለስ አይጠፋም፤ ፍሬዎቹ ለዓይን ይቀራረባሉ። ሁለት ፍሬ በጥርስ ነክሶ ማየት ነው። እንስላል ይጣፍጣል፣ ነጭ አዝሙድ እንደ ጦስኝ ያቃጥላል። ከሜዳ የሚለቅም ሰው ቅጠሉን በጣቱ አሽቶ የአኒስ ሽታ ካላገኘ ይተወው፤ እንስላል የሚመስሉ መርዛማ ተክሎች አሉ።

ጥሬ ሥጋን በአረቄ ማጽዳት

ቁርጥ ላይ የሚወሰድ አረቄ ኮሶን ይገድላል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። አይገድልም። አልኮሉ ሆድ ውስጥ ከምግቡና ከፈሳሹ ጋር ሲቀላቀል በጣም ይቀጥናል፤ የኮሶ ትል እጭ ደግሞ ሥጋው ውስጥ ተሸፍኖ የተቀመጠ ነው። የሚገድለው በደንብ ማብሰል ነው። ኡዞ ከቁርጥ ጋር ይጣፍጣል የሚል ሰው በጣዕሙ ምክንያት ይጠጣው፤ መከላከያ አድርጎ ግን አይቁጠረው።

ከመድኃኒት ጋር መውሰድ

ለአሜባና ለጃርዲያ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ ካለቀ በኋላም እስከ 3 ቀን አልኮል መተው አለበት። ጉንፋንን በአረቄ እያስታመሙ ፓራሲታሞል መደራረብም ጉበትን ይጎዳል።

በሃይላንድ ጠርሙስ ማስቀመጥ

አረቄ በሃይላንድ ይገዛል፤ ይሁን፣ ግን ቤት እንደደረሰ ወደ ብርጭቆ ጠርሙስ ይገልበጥ። የአኒስ ዘይት ፕላስቲክ ውስጥ እየሰረገ ሽታው ይደክማል፣ ፕላስቲኩም ቢታጠብ ሽታውን አይለቅም። ጠርሙሱ እስከ አንገቱ ሞልቶ በጥብቅ ክዳን ተከድኖ ፀሐይ በማያገኘው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። መስኮት ላይ ለወራት የቆየ ኡዞ ሽታው ይለወጣል። ፀረ ተባይ ወይም ነዳጅ በነበረበት ጀሪካን የመጣ አረቄ ግን፣ ጀሪካኑ ምንም ያህል ቢታጠብ፣ ይደፋ።