ጠርዙ የተዛባ የጓሮ ኩሬን ማስተካከልና መሸፈን

የረጋ ውሃ ምንጊዜም ፊቱ ለጥ ያለ ስለሆነ፣ አንድ ኩሬ ተንጋዶ ከታየ የተንጋደደው ጠርዙ ነው። በአንዱ ወገን ውሃው አፋፉ ላይ ደርሶ ሊፈስ ሲል፣ በሌላው ወገን ውሃው እንዳይሰርግ ከሥር የተነጠፈው ጥቁር ላስቲክ አራት ጣት ያህል ተገልጦ ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ውሃ ይጨምራል፤ የተጨመረው ግን በዝቅተኛው በኩል ይፈሳል እንጂ ከፍተኛውን ጠርዝ አይደርስበትም። ስለዚህ ዝቅ ያለውን ወገን ማንሣት፣ ተርፎ የሚታየውን ደግሞ መሸፈን ያስፈልጋል፤ ቅደም ተከተሉም ባይገለበጥ ይመረጣል።

በተለይ ግቢው ተዳፋት ከሆነ ዓይን ስለሚያሳስት፣ ግንበኞች የሚሠሩበትን የቱቦ ውሃ ልክ መጠቀም ይገባል። ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦ ውሃ ይሞላና አንዱ ሰው አንዱን ጫፍ ከመነሻው ካስማ ጋር አስጠግቶ ሲይዝ፣ ሌላው ሁለተኛውን ጫፍ ይዞ በኩሬው ዙሪያ በየሜትሩ ወደተተከሉት ካስማዎች ይሄዳል። ውሃው መዋለሉን ሲያቆም በሁለቱም ጫፎች የቆመበት ከፍታ እኩል ስለሆነ፣ እዚያው ካስማው ላይ ምልክት ይደረጋል። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ከቀረ ልኩ ይዛባል። በመጨረሻም ከየምልክቱ እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት በሜትር ይለካል፤ ርቀቱ የበዛበት ቦታ ዝቅተኛው ነው።

ጠርዝ የሚዛባበት የተለመደ ምክንያት ከጉድጓዱ የወጣው አፈር በተዳፋቱ በኩል ሳይጠቀጠቅ መከመሩና ቀስ በቀስ መስጠሙ ነው። እንደ ቦሌና ገርጂ ባሉ ጥቁር አፈር በሚበዛባቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች ደግሞ ሌላ ችግር ይታከላል፤ ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ከላዩ ያረፈውንም ነገር ሁሉ አብሮ ያንቀሳቅሳል። በእንዲህ ያለ ቦታ ጥቁሩን አፈር መልሶ ለሙሌት መጠቀም ሥራውን በዓመቱ መድገም ስለሚሆን፣ ለመንገድና ለቤት ወለል የሚሞላውን ሰሌክት ማስመጣት ይሻላል።

ለማንሣት፣ የኩሬው ውሃ ይቀነሳል፤ አሳ ካለ በዚያው በኩሬው ውሃ በተሞላ ሰፊ ዕቃ ጥላ ሥር ይቆያል። የጠርዙ ድንጋዮች ከተነሡ በኋላ ላስቲኩ ሳይጎተት ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ሰሌክቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል በሆነ ንብርብር እየተደለደለ፣ ጥቂት እየረጠበና እየተጠቀጠቀ ወደሚፈለገው ከፍታ ይደርሳል። ሹል ጠጠር ተለቅሞ አሮጌ ምንጣፍ ከተነጠፈበት በኋላ ላስቲኩ ይመለሳል። ላስቲኩ አጥሮ አዲሱን ጠርዝ የማያለብስ ከሆነ መወጠር አይገባም፤ ያን ጊዜ ያለው ምርጫ የከፍተኛውን ወገን አፈር ቆርጦ ዝቅ ማድረግ ነው። በሲሚንቶ የተሠራ ኩሬ ላይ የቀደመው ፊት ተጭሮና ረጥቦ አንድ ረድፍ ድንጋይ ይገነባበታል፣ ይለሰናል፣ ለአንድ ሳምንት ያህልም ውሃ እየጠጣ ይቆያል። አዲስ ሲሚንቶ የሚለቀው ኖራ አሳን ስለሚገድል፣ ኩሬው ደጋግሞ ተሞልቶ መደፋት አለበት።

ልዩነቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ መሸፈኑ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ክብደቱ መሬቱ ላይ እንዲያርፍ ሆኖ አፉ ጥቂት ወደ ውሃው ሲወጣ፣ ጥላው የተገለጠውን ላስቲክ ይሰውረዋል። ድንጋዩን በከፍተኛው በኩል ብቻ መደርደር ግን ጉድለቱን ይበልጥ ያጋልጣል፤ መጠኑ እየተለያየ ዙሪያውን መዞር ይኖርበታል። ጠርዙ ለዘብ ያለ ከሆነ ከውሃው ውስጥ ጀምሮ እስከ ሣሩ የሚወጣ የድቡልቡል ጠጠር ዳርቻ ከሁሉ ያምራል፤ በበጋ ውሃው በትነት ሲቀንስም የሚታየው ጠጠር እንጂ ላስቲክ አይሆንም። ደንገልና ፊላ በቀጥታ ላስቲኩ ላይ ባይተከሉ ይመረጣል፤ በተለይ የፊላ ሹል ሥር ላስቲክ ሊበሳ ስለሚችል በባልዲ ውስጥ ሆነው ከፍተኛው ጠርዝ ሥር ይቀመጡ።

ዙሪያውን ፍጹም እኩል ማድረግም አይመከርም። የክረምት ዝናብ ኩሬውን ሲሞላው ትርፉ የሚወጣበት፣ ከሌላው ጠርዝ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ያለ አንድ ማፍሰሻ በታሰበበት ቦታ መተው አለበት። የሚፈሰው ውሃ ከቤቱና ከጎረቤት አጥር መሠረት ርቆ ቄጠማ ወደተተከለበት መደብ ይመራ። በጥቁር አፈር ላይ በመሠረት አጠገብ የሚጠራቀም ውሃ ግድግዳ ይሰነጥቃል። ሥራውን በኅዳር፣ ዝናቡ ቆሞ መሬቱ ገና ሳይሰነጠቅ መሥራት፣ ከቀጣዩ ክረምት በኋላም በዚያው ቱቦ መልሶ መለካት ይገባል።