ግማሽ ዕድሜ ላይ የሚደጋገመው ስሕተት፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

ምልክት፦ 80 ግራም አዮዲን-131 አለ፤ አቶሞቹ በራሳቸው እየፈረሱ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣሉ። ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ግማሹ የሚፈርስበት ጊዜ፣ 8 ቀን ነው። ከ16 ቀን በኋላ ስንት ይቀራል? ተማሪው «ምንም» ብሎ ይጽፋል።

አዳማ ውስጥ የማስጠናቸው ልጆች ደብተር ላይ የዚህን ያህል የሚደጋገም ስሕተት የለም። በመጀመሪያዎቹ 8 ቀናት 40 ግራም ስለ ሄደ በሚቀጥሉትም 40 የሚሄድ ይመስላቸዋል። አንዲት ጎበዝ ተማሪ በዚሁ መንገድ ገፍታ ለ24 ቀን «−40 ግራም» ብላ ጽፋ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ከዜሮ በታች የሆነ ግራም ስታዩ እስክሪብቶውን አስቀምጡ! ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሸጡት የጥያቄ ወረቀቶችም ነገሩን ያባብሱታል፤ የመልስ ቁልፉ ራሱ ዜሮ የሚልበት አጋጥሞኛል። እንዲህ ላለው ወረቀት ገንዘብ አታውጡ።

ምክንያት፦ አቶም አያረጅም። ዛሬ የተገኘውም ሆነ ሳምንት የቆየው አዮዲን-131 በሚቀጥሉት 8 ቀናት የመፍረስ ዕድሉ እኩል ነው፤ ግማሽ በግማሽ። ስለዚህ በየጊዜው የሚሄደው ከተረፈው ላይ ግማሹ ነው፦ 80፣ 40፣ 20፣ 10።

መፍትሔ፦ ቀመሩን ለጊዜው ተዉት። በክፍላችሁ 64 የአንድ ብር ሳንቲሞች አሰባስቡ። ካርቶን ውስጥ ነቅንቃችሁ ዘርግፏቸው፤ አንበሳው ወደ ላይ የሆነውን እንደ ፈረሰ አቶም ቆጥራችሁ እያወጣችሁ የቀረውን ቁጠሩና ድገሙ። በ32 ፋንታ 29 ወይም 35 ሊቀር ይችላል። ቁጥሩን እንዳታስተካክሉ! የፈጠራ ውጤት መመዝገብ ከስሌት ስሕተት የከፋ ነው። ግራም ውስጥ ያሉት አቶሞች እጅግ ብዙ ስለሆኑ እዚያ ልዩነቱ አይታይም። ሦስት ዙር የተረፈችውን ሳንቲም አንሡና በአራተኛው የመውጣት ዕድሏ ጨምሮ እንደሆነ አስቡ። አልጨመረም።

ሌላ ምልክት፦ «የድንቅነሽ ዕድሜ የተለካው በካርቦን-14 ነው።» አይደለም። የካርቦን-14 ግማሽ ዕድሜ 5,730 ዓመት ነው፤ ከ50,000 ዓመት ገደማ በኋላ የሚተርፈው ለመለካት እጅግ ያንሳል። የድንቅነሽ ዕድሜ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ ደግሞ ከ550 ጊዜ በላይ ማጋመስ ይጠይቃል። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው የድንቅነሽ ዕድሜ የታወቀው በአካባቢው ከተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም-40 ከፊሉ ወደ አርጎን-40 ይለወጣል፤ ግማሽ ዕድሜውም 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ በእሳተ ገሞራ አፈር ላይ እየኖረ ካርቦንን ብቻ የሚያስታውስ ተማሪ ያናድደኛል።

ሌላ ምልክት፦ «ቤታ (ከአቶም እምብርት የሚወጣ ኤሌክትሮን) ሲወጣ የአቶም ቁጥር፣ ማለትም የፕሮቶኖቹ ብዛት፣ ይቀንሳል።» አይቀንስም፤ በአንድ ይጨምራል፤ ካርቦን-14 ናይትሮጅን-14 ይሆናል።

ሌላ ምልክት፦ «ክሎሪን-35 እና ክሎሪን-37 የተለያዩ ንጥረ ነገሮች ናቸው።» አይደሉም። ፕሮቶናቸውን ቁጠሩ፤ የሁለቱም 17 ነው።